በባዶ እጅ መግፋት

ተከራዬ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ሠላሳ ገና አልሞላውም። ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የተማረው ከስልኩ ነው። አንድ ቅዳሜ ካርታውን እየበወዘ፣ «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለው አጨዋወት ግን ያዋጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንደ እኔ የሚጫወት የሚለው፣ የደረሰው ካርታ ጥሩም ይሁን መጥፎ ጥሎ ከዙሩ የማይወጣውን፣ ሁሉም ዙር ውስጥ የሚገባውንና ሌላውን አስፈራርቶ የሚያሸንፈውን ነው። ያን ቀን ስቄ አለፍኩት። ዛሬ ቢጠይቀኝ አልስቅም።

ሦስት ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ሥር እንጫወት ነበር። የምናስይዘው በቆሎ ነው። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጣሳ ይሰፈራል፤ ጣሳው ቀድሞ የተራቆተበት ሰው አሳ ይጋብዛል። ሦስተኛው ተጫዋች ጎረቤቴ፣ የዶርዜ ሰው፣ ሸማኔ ነው። እኔ ከጎጃም ለማስተማር መጥቼ አርባ ምንጭ ቀረሁ፣ እሱ ከደጋው ወርዶ እዚሁ ቤት ሠራ። ከሃያ ዓመት በላይ የለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው።

እሱ ሳይቸኩል ነው የሚጫወተው። አብዛኛውን ዙር ካርታውን አይቶ ይጥላል። እኔ ግን ምንም ሳይኖረኝ በቆሎዬን በሁለት እጄ ወደ መሃል እገፋለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እፎክራለሁ። ትንሽ ያየኛል፤ ከዚያ «ውሰድ፣ መምህር» ብሎ ይጥልልኛል። በጨዋታው ሕግ ሁሉም ከጣለልህ ካርታህን የማሳየት ግዴታ የለብህም። አሳይቼም አላውቅም። አሳ የጋበዝኩባቸው ቅዳሜዎች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ራሴን ብልህ አድርጌ እቆጥር ነበር።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ዝናብ አጥሩ ወደቀ። አዲስ ልናቆም ስንነጋገር ድንበሬ ወደ እሱ አንድ ሜትር ተኩል ይገባል አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ተጨማሪ ክፍል ልሠራ አስቤ ቦታ ጠቦኝ ነበር። እዚያች አንድ ሜትር ተኩል ላይ ደግሞ የሽመና ጉድጓዱ አለ። እግሩን ከትቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ የሚሠራበት ጉድጓድ ነው፤ ስንት ዘመን ከመቀመጡ የተነሣ ጠርዙ በጭኑ ልክ ተበልቷል።

«የማዘጋጃ ቤት ፕላን አለኝ። ፍርድ ቤት ይዤው እቀርባለሁ» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ፕላን አልነበረኝም። «እስቲ አምጣው» ይለኛል፣ ትንሽ እንጨቃጨቃለን፣ በመጨረሻ ግማሽ ሜትር ይለቅልኛል ብዬ ነው ያሰብኩት። እሱ ትንሽ አየኝና፣ «ውሰድ፣ መምህር» አለ።

በማግስቱ ጠዋት የአካፋ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። የሽመና ዕቃውን ነቅሎ ግድግዳ አስደግፎታል፤ ጉድጓዱን እየደፈነ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ «ተው፣ ወረቀት የለኝም» ማለት ነበረብኝ። ግን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባለ ያደግኩ ሰው ነኝና አፌን ቆልፌ ቆምኩ። አፈሩን በእግሩ ደልድሎ ወደ ቤቱ ገባ። ቅዳሜ አልመጣም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣም።

ክፍሉን አልሠራሁትም። ያቺን መሬት ማየት አስጠላኝ። ከሰዓት በኋላ ጋደም የምለው የሽመና መወርወሪያውን ድምፅ እየሰማሁ ነበር፤ አሁን ጸጥ ሲል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰውዬው ናፈቀኝ። ተከራዬ «ምን ሆናችሁ?» ሲለኝ ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ዋሸሁት።

በአምስተኛው ወር ከሰፈራችን የጋሞ ሽማግሌዎች ወደ አንዱ ሄጄ አስታርቁኝ አልኩ። «እርጥብ ሣር ይዘህ ከለመንከው አይመልስህም» አሉኝ። «ሣር የያዘን መመለስ ጎሜ ነው።» ጎሜ ከነውር ይከብዳል፤ ለቤትና ለልጅ የሚተርፍ ነው ይላሉ። ደስ አለኝ፤ የማይሸነፍ ካርታ የደረሰኝ መሰለኝ። ሽማግሌው ግን ቀጠሉ፤ «ሣር ይዞ መዋሸትም ጎሜ ነው። አስቀድመህ የሠራኸውን ትናገራለህ።»

እሑድ ረፋድ ላይ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ሄድን። ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ደጁ ላይ ተንበረከክሁ።

«ፕላን አልነበረኝም። ዋሽቼህ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ወረቀት ቢኖርህ አትጮህም ነበር። ካርታም ላይ ባዶ ስትሆን ነው የምትጮኸው።»

«ታዲያ ለምን ትጥልልኝ ነበር?»

«በቆሎ ነች ብዬ ነዋ! አንተ ደስ ይልሃል፣ እኔ ምን እጎዳለሁ? ጉድጓዴን ስትል ግን እዚህ ጋ እንኳ ያቆማል ብዬ ነበር። አካፋ ይዤ አየሁህ። አንተ ዝም ብለህ ቆምክ።»

ሣሩን ከእጄ ተቀበለ፣ አነሣኝ፣ አቀፈኝ። ሽማግሌዎቹ መረቁን። አጥሩን በድሮው ቦታ አቆምን፤ ጉድጓዱንም ራሴ ቆፈርኩለት። ጠርዙ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም፤ ጆንያ አጥፎ ጭኑ ሥር እያደረገ ነው የሚሠራው።

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ መጣ። በልማዴ ምንም ሳልይዝ በቆሎዬን ገፋሁ። ትንሽ አየኝና የራሱን በቆሎ ጨምሮ፣ «አሳይ» አለኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ሰባትና ሦስት ገለጥኩ። ተከራዬ ሳቀ፤ ሁለታችንም አልሳቅንም። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ጥሎልኝ አያውቅም። ይቅር ብሎኛል፣ ይህን አልጠራጠርም፤ ባለፈው ወር ሲያመኝ ሐኪም ቤት ይዞኝ የሄደው እሱ ነው። በገፋሁ ቁጥር ግን «አሳይ» ይለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከካርታ ሁሉ ትልቁ፣ ሁለት አስ ደረሰኝ። አልጮህኩም፤ በቆሎዬን ቀስ አድርጌ ወደ መሃል ገፋሁና ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«አሳይ» አለኝ።

አሳየሁት። ጣሳውን ሙሉ ወደ እኔ ገለበጠው፤ በአንድ ዙር ያን ያህል በቆሎ አግኝቼ አላውቅም። እኔ ግን የጠበቅሁት «ውሰድ፣ መምህር» እንዲለኝ ነበር።