ሶፋዬ ከእኔ ቀድሞ ሰርግ ገባ

ባለፈው እሁድ ሚኒባሱ ዴራን አልፎ ወደ አሰላ ዳገቱን ሲይዝ ስልኬ ጠራ... ዕቃዬን የጫነው የአይሱዙ ሹፌር ነው።

«እህቴ፣ አራግፈናል! ሰፈርሽ ደግሞ እንዴት ያለ ሰው ነው ያለበት! እኔና ረዳቴ እጃችንን ሳናነሳ ተሻምተው አወረዱት። ምሳም አብልተውናል።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሥራዬ የስልክ አፕ ዲዛይን ማድረግ ስለሆነ ላፕቶፕና ኔትወርክ ካለ የትም ይሠራል፤ አሰላን የመረጥኩት ለአየሩ ነው። እናቴ ግን «ማን አለሽና ነው? ብትታመሚ ውኃ የሚያቀብልሽ የለም» እያለች፣ እያለቀሰች ነበር የሸኘችኝ። ወዲያው ደውዬ «ጎረቤቶቼ ዕቃዬን አወረዱልኝ» ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት።

ቤቴ ደርሼ በሩን ስከፍት... ሲሚንቶ ብቻ። አንድ ማንኪያ እንኳ የለም።

ሹፌሩ ጋ ደወልኩ። «ድንኳን የተጣለበት ግቢ አይደል እንዴ? የላክሽልኝ ሎኬሽን እኮ እዚያ ነው ያደረሰኝ» አለኝ።

የምን ድንኳን?... ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ቤቱን ለማየት የመጣሁ ዕለት ግቢው ውስጥ ኔትወርክ እምቢ ሲለኝ ቁልቁል ወርጄ፣ የያዘልኝ ቦታ ላይ ቆሜ ነው ሎኬሽኑን ሴቭ ያደረግኩት። ሰው መንገድ እንዳይጠፋው አፕ የምሠራ ሴትዮ የገዛ ቤቴን አጠፋሁት!

በእግሬ ቁልቁል ወረድኩ። እውነትም ድንኳን አለ፣ ሰርግ ነው። ግራጫው ሶፋዬ ላይ እናቶች ተደላድለዋል። ፍሪጄ ተሰክቶ ለስላሳ ተሞልቶበታል። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሩዙም፣ በቅቤ የተለወሰው የገብስ ጩኮም ተደርድሯል። ጎማ ያለው የቢሮ ወንበሬ ደግሞ ለክብር እንግዳ ተብሎ ድንኳኑ ፊት ለፊት ለብቻው ቆሟል።

አፌን ሳልከፍት ሰፈሩ አዴ ራህማ የሚላቸው የሙሽራዋ እናት ክንዴን ያዙኝ።

«ኮቱ! ኮቱ የኔ ልጅ፣ ነይ ግቢ!»

«እማማ፣ እኔ እንኳን የመጣሁት...»

«እንግዳ ሳይበላ ምን ጉዳይ አለው? መጀመሪያ ታጠቢ።»

እዚህ አገር እንግዳ ሳይቀምስ ጉዳዩን አይጠየቅም፤ ልናገር ቢልም የሚሰማው የለም። ታጠብኩ። የገዛ ሶፋዬ ላይ አስቀምጠው ሳህን ሰጡኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጎሸም አደረጉኝ።

«ቀስ ብለሽ ልጄ፣ ወጥ እንዳታንጠባጥቢበት። የእድር ዕቃ ነው።»

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጣ።

ለካ የእድሩ ወንበሮች ጠዋት ለቅሶ ቤት ሄደዋል። ለቅሶና ሰርግ ከተገጣጠሙ ቅድሚያው የለቅሶ ነው። የእድሩ ዳኛ «ከሌላ እድር ፈልጌ በመኪና እልካለሁ» ብለው ሰዉ መኪና መኪና ሲያይ የኔ ዕቃ ከች አለ። ማን ይጠይቅ!

አዴ ራህማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የወንዱ ወገን መንገድ ጀምሯል፣ መቀመጫ የለኝም... ልሞት ስል ደረሰ። አላህ ነው የላከው» አሉኝ።

አሁን «ተነሱ፣ ዕቃው የኔ ነው» ብል እኚህ እናት በልጃቸው ሰርግ ቀን አማቾቻቸው ፊት ሊዋረዱ ነው። ዝም ብል ደግሞ በዚህ ብርድ ሲሚንቶ ላይ ልተኛ ነው። ሰማዩም ማጉረምረም ጀምሯል።

ዝም አልኩ። እንዲያውም ተነስቼ ለስላሳ ማደል ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይተው የእድሩ ዳኛ መጡ። «ዳኛ፣ እድራችን አደገ እኮ! ፍሪጅ ሁሉ!» ሲሏቸው ሰውየው ሶፋውን አዩት... ፍሪጁን አዩት... ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እንግዲህ በአቅማችን ነው» አሉ።

ከዚያ የወንዱ ወገን ገባ። የሙሽራው አያት ሐጂ ከድር፣ ግርማቸው የሚያስፈራ ሽማግሌ፣ የቢሮ ወንበሬ ላይ ተሰየሙ። ከዘራቸውን ሲያስደግፉ ማንሻውን ነክተውት ኖሮ ወንበሩ ሽሽሽ... ብሎ ይዟቸው ቁልቁል ወረደ!

እኔ ሳላስበው ከሴቶቹ በኩል ጮህኩ። «ሐጂ፣ በቀኝዎ ነው! ብድግ ይበሉና ማንሻውን ወደ ላይ ይሳቡት!»

ሳቡት። ወንበሩ ከፍ አለ። ሰው ሁሉ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አሉ ሐጂ።

«የኔ... ስለሆነ።» ምን ልበል?

አዴ ራህማ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። ዳኛው የድንኳኑን ጣሪያ መመርመር ጀመሩ። እኔ እየተንተባተብኩ ሎኬሽኑን፣ ኔትወርኩን፣ ባዶ ቤቴን ተናዘዝኩ። ሐጂ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ወንበሩን ወደ አዴ ራህማ አዞሩት።

«ምን ያሳፍርሻል ራህማ? ሰው ቀድሞ ገብቶ ዕቃው ይከተላል፤ የዚች ልጅ ዕቃዋ ቀድሟት ጎረቤት ሆነ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም... ምርቃቴን ሳልጨርስ ማንም አያስነሳኝም!»

ድንኳኑ በሳቅ አውካካ። አዴ ራህማም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው።

አመሻሽ ላይ ሰርገኛው ሶፋዬን ተሸክሞ፣ እየጨፈረ ዳገቱን ወጣ። ከሶፋው ኋላ ፍሪጁ፣ ከፍሪጁ ኋላ እኔ። አንዲት መንገደኛ ቆም ብላ «ሙሽራዋን ምነው በእግሯ አስኬዷት!» ስትል ሰማሁ።

ትናንት ጠዋት ደግሞ በሬ ተንኳኳ። የማላውቃቸው አባት ናቸው።

«እንደምን አደርሽ ልጄ... የልጄ ኒካህ ደርሶብኝ ነበር። ያ የእድሩ ሶፋ ተይዟል ወይ?»

የእድሩ!

«ኧረ አልተያዘም አባባ» አልኳቸው... ይኼን የምጽፍላችሁ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው።