አልራገፍ ያለው ቅርጫት እና የሄለን መልስ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ማርታ ላፕቶፗን እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፋ ቤቴ መጣች። ዲስኩ ሞልቶባታል። የማትፈልገውን ሁሉ ትራሽ በሚባለው የኮምፒውተሩ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከትታ ባዶ ልታደርገው ብትሞክር አልራገፍ አላት። ደጋግማ ብትጫነውም «በሥራ ላይ ያለ ፋይል አለ» እያለ ይመልሳታል። እሷ ግን የከፈተችው ነገር የለም። ሳቄ አመለጠኝ።

«አክስቴ፣ እኔ ተቃጥያለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ?»

«ነይ እስቲ፣ መጀመሪያ ምሳሽን ብዪ» አልኳት።

የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር እኛ ከእነሱ በኋላ ያየነው ይመስላቸዋል። ስልኬ አልታዘዝ ባለኝ ቁጥር ለእነሱ ስለማቀብል አልፈርድባቸውም። ነገር ግን እኔ ከእንዲህ ያለ ቅርጫት ጋር የተናነቅሁት ማርታ ከመወለዷ በፊት ነው። የዚያን ዕለት ቁጭ ብዬ ያላበኝን ላብ እንጦጦን በእግሬ ስወጣ እንኳ አልቦኝ አያውቅም።

ያኔ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ስቱዲዮ እሠራ ነበር። ሥራዬ የሠርግ ፊልም መቁረጥና መቀጠል ነው። ወሩ ጥር ነበር። ጥር ሲገባ ጉለሌ ውስጥ የማይዳር ሰው የቀረ አይመስልም። ጠዋት ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ቀትር ላይ ደግሞ አቧራው ከባሕር ዛፍ ሽታ ጋር ተደባልቆ በበሩ ይገባል። ምሳችን ብዙ ጊዜ ከጎን ካለችው ምግብ ቤት የሚመጣ ፓስታ በእንጀራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ዶሮና የሰው ክትፎ በስክሪን እያየሁ ፓስታ በእንጀራ መብላት ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

የስቱዲዮው ባለቤት ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ጠባይ ብቻ ነበረባቸው። አንድ ዘፈን ከወደዱ እኛ እስክንጠላው ድረስ ነው የሚደጋግሙት። በዚያ ሰሞን የያዛቸው አንድ የክራር ዜማ ነበር። ከእኔ ኮምፒውተር ላይ ይከፍቱትና እያለቀ እንደገና እንዲጀምር አድርገው፣ ስፒከሩን ለቀው፣ ፎቶ እየቆረጡ አብረው ያንጎራጉራሉ።

ቅርጫቱ አልራገፍ ባለኝ እሑድ በእጄ ላይ የነበረው የሄለን ፊልም ነው። ሄለን የሽሮ ሜዳው ጥበብ ነጋዴ የአቶ ተፈራ ልጅ ናት። አባቷ ሠርጉ ሊደርስ ሲል ከሱቃቸው መሰላል ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሆስፒታል ገቡ። ሠርጉ ይራዘም ቢባሉ፣ «ድግስ ተደግሶ፣ ሰው ተጠርቶ፣ በኔ ዳሌ ምክንያት?» ብለው ተቆጡ። ሄለን ሆስፒታል ሄዳ መርቀኝ ስትላቸው ግን እምቢ አሉ። «ልጅ የሚመረቀው ከአባቱ ቤት ሲወጣ ነው። ስትወጪ ሳላይ አልመርቅሽም» አሏት። ግትር ሰው ናቸው፤ ያንን ደግሞ መላው ሰፈር ያውቃል። በሠርጉ ቀን እናቷ በአባትየው ወንበር ላይ ማንንም አላስቀመጡም። የባላቸውን ጋቢ ደርበውበት ተዉት። ሄለንም ከቤት ስትወጣ የእናቷን ጉልበት ስማ፣ ቀጥላ ተንበረከከችና ጋቢውን ሳመች። ከወንበሩ በኩል ግን የሚመርቅ ድምፅ አልመጣም። የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ በካሜራው ቀዳዳ አጨንቁሬ እንባዬን መጥረግ አቅቶኝ ነበር።

እንግዲህ አቶ ተፈራ ከሆስፒታል እስኪወጡ ተብሎ የዘገየው የሄለን መልስ የዚያን እሑድ ከሰዓት ነው። በመልሱ ላይ ፊልሙ ይታያል፤ አባት ልጃቸው ስትወጣ አይተው ይመርቃሉ። ሙሽራይቱ ሳትመረቅ ሁለት ሳምንት ሆኗታል። እናቷ በየቀኑ ስቱዲዮ ብቅ እያሉ «ሰናይትዬ፣ ደረሰ?» ይሉኝ ነበር።

በዚያ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጥኩ። ጋሽ ደምሴም ገቡና ያቺኑ ክራራቸውን ከፈቱ። ወዲያው ከማዶ ጩኸት ተሰማ። ሲያጣጥሩ የከረሙት ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ዐርፈዋል። ጋሽ ደምሴ ዘለው ተነሥተው ስፒከሩን ከቁልፉ አጠፉትና ጋቢያቸውን ደርበው ሮጡ። ጎረቤት ሐዘን ሲሆን መቼም ሬዲዮ አይከፈትም፤ የታክሲ ረዳቶች እንኳ ድንኳን ባለበት ሲደርሱ ድምፃቸውን ቀነስ ያደርጋሉ። የመንገዱ ሱቆች ሁሉ ጸጥ አሉ። እኔም ያለ ድምፅ ሥዕሉን ብቻ እያየሁ እቆርጥ ጀመር።

ሊያልቅልኝ ሲል ኮምፒውተሯ ቦታ የለኝም አለች። ዲስኳ ሞልቷል። ይህ ማለት የሠራሁትን ሴቭ ማድረግም አልችልም፤ ፊልሙን ወደ ዲቪዲ መገልበጥም አልችልም ማለት ነው። የቀረጽኩበትን ካሴት እንዳለ እንዳላሳያቸው፣ ማጫወቻ የሚሆነው ካሜራ ከባልደረባዬ ጋር ሌላ ሠርግ ላይ ነው። ስለዚህ ለሄለን ፊልም መሞከሪያ ያደረግኋቸውን ትልልቅ ቅጂዎች፣ ኮምፒውተሯ ላይ የተከማቹትን የዘፈን ፋይሎችም ጨምሬ፣ ከነማኅደራቸው ወደ ትራሽ ወረወርኳቸው። ቅርጫቷን ባዶ አድርጊ ስላት አሻፈረኝ አለች። በሥራ ላይ ያለ ፋይል አለ። በስክሪኑ ላይ የማየውን መስኮት ሁሉ ዘጋሁ። አሁንም አለ። ማርያምን ለመንኩ። አሁንም አለ።

ጋሽ ደምሴ ለድንኳኑ ወንበር ሊወስዱ ሲመጡ ፊቴን አይተው ቆሙ።

«ምን ሆንሽ?»

ነገርኳቸው።

«አጥፍተሽ አብሪያታ።»

«ጋሼ፣ ሴቭ አልተደረገም እኮ። ካጠፋናት ከጠዋት ጀምሮ የሠራሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።»

«መብራት ቢሄድስ?»

«እሱን አይናገሩት።»

አገጫቸውን አሹ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና፣ «ለተፈራ ልደውልለት። ቁርጡን ይወቅ፤ ምግቡ ይበላ፣ ፊልሙ ሌላ ቀን ይታያል» አሉ።

«ሌላ ቀን መልስ የለም» አልኳቸው። «እባክዎ ጋሼ፣ ወንበሩን አድርሰው እስኪመለሱ ይታገሡኝ።»

እሺ ብለው ወጡ። እውነቱን ለመናገር ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ተስፋ ስቆርጥ፣ እንደው ከመጥፋቱ በፊት አንዴ ልየው ብዬ የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁና የሄለንን ፊልም ከመጀመሪያው ለቀቅሁት። እልልታው መጣ። የሚዜዎቹ ጭፈራ መጣ። ከሥሩ ግን የማላውቀው ነገር ይሰማል። ክራር ነው። ፊልሙ ውስጥ ክራር አላስገባሁም። ጭራሽ ፊልሙም ተበላሽቷል ብዬ ደነገጥኩ። ፊልሙን አቆምኩት።

ክራሩ አልቆመም።

ጋሽ ደምሴ ለሐዘኑ ሲሮጡ ያጠፉት ስፒከሩን እንጂ ዘፈኑን አልነበረም። ያቺ ኮምፒውተር ደግሞ መስኮቱ ቢዘጋባትም ዘፈኗን አታቆምም። ፋይሉን እኔ ቅርጫት ውስጥ ከወረወርኩት በኋላ እንኳ፣ ክራሩ ለማንም ሳይሰማ እያለቀ እንደገና እየጀመረ ሲጫወት አርፍዷል። ቅርጫቷ እውነቷን ነበር፤ በሥራ ላይ ያለ ፋይል አለ።

ማጫወቻውን አስቆምኩትና ቅርጫቷን ባዶ አድርጊ አልኳት። ወረቀት ሲጨማደድ የሚመስል ድምፅ በጆሮዬ ተሰማ። ቦታው ተለቀቀ። መጀመሪያ ሴቭ አደረግኩ፤ ከዚያ ነው የተነፈስኩት። እልል ልል ቃጥቶኝ ድንኳኑ ትዝ አለኝና አፌን በነጠላዬ አፈንኩ። ጋሽ ደምሴ ሲመለሱ ያገኙኝ እንደዚያ ሆኜ ነው።

«ጠፋ?» አሉኝ ደንግጠው።

አልጠፋም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። አፌን ስገልጥ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ወጣ። የሆነውን ስነግራቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ድምፃቸውን አፍነው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ለቅሶው ተመለሱ።

ዲቪዲውን ይዤ ዳገቱን በሩጫ ስወጣ የመልሱ ዳስ በሰው ሞልቷል። የዶሮው ሽታ ከበሩ ተቀበለኝ። አቶ ተፈራ ክራንቻቸውን ከጎናቸው አጋድመው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል፤ ሄለን በቀኛቸው፣ ባሏ ከእሷ ቀጥሎ። ፊልሙ ተጀመረ። ሰው ራሱን እያየ ይሳሳቃል፤ እገሌ አበላሉን እዩት ይባላል። ሄለን ከጓዳ ወጥታ፣ የእናቷን ጉልበት ስማ፣ ወደዚያ ወንበር ዞራ ስትንበረከክ ግን ቤቱ ጸጥ አለ።

አቶ ተፈራ ጎናቸው የተቀመጠችውን ልጅ አላዩም። እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉ።

«ልጄ፣ ውለጂ፣ ክበጂ» አሉ።

«አሜን» አለ ቤቱ።

«የያዝሽው ይባረክ። ቤትሽ የሰላም ቤት ይሁን።»

«አሜን።»

«ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። የልጆችሽን መልስ ለማየት ያብቃሽ።»

እኔም ከበሩ ሥር ቆሜ አሜን አልኩ። ያን ጊዜ ሄለን ከወንበሯ ተነሥታ እውነተኛው ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ በእጃቸው ፀጉሯን ይዳብሱ ነበር። የደከምኩት ድካም ሁሉ ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ። በዚያ ቀን የበላሁት ዶሮ እስከ ዛሬ ከበላሁት ሁሉ ይበልጣል።

የማርታ ችግር ከምሳ በኋላ ወዲያው ተፈታ። ጀምራ የተወችው አንድ ፊልም ከኋላ ተደብቆ ኖሯል። እሷ ደስ ብሏት ስትሄድ እኔ ለሄለን ደወልኩላት። ስቱዲዮው ከተዘጋ፣ አቶ ተፈራም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እኛ ግን በዓል በመጣ ቁጥር እንጠያየቃለን። ስናወራ ያ ምርቃት በካሜራ አለመቀረጹ እንደሚቆጨኝ ነገርኳት። ካሜራው ሌላ ሠርግ ላይ ነበርና ያንን ድምፅ ያስቀረው የለም።

ሄለን ግን፣ «እኛ ቤት እኮ ያ ፊልም በየዓመቱ ይታያል» አለችኝ። «ልጆቼ አያታቸውን አያውቋቸውም፤ ስለ ምርቃቱ ብቻ ነግሬያቸዋለሁ። ግን እኔ ተንበርክኬ ያንን ጋቢ ስስም፣ ማንም ሳይናገር፣ አንድ ላይ አሜን ይላሉ።»