ከመጋዙ ማዶ

ከኤረር በር ወጣ ብላ ባለችው የእንጨት መሰንጠቂያ ሰውዬው ብቻቸውን ይሠራሉ። የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ እሳቸው ግን መላ አበጅተውለታል። ከመጋዙ ማዶ ባለው የእንጨት ማሳረፊያ ላይ የሚሽከረከሩ የቧንቧ ቁራጮች ስለገጠሙበት፣ የተሰነጠቀው ጣውላ በራሱ እየተንሸራተተ ወገባቸው ድረስ ከተደረደረው ክምር ላይ ያርፋል። ጎንበስ ማለት የለ፣ አንዱን ጣውላ ሁለቴ ማንሳት የለ።

ለሱቋ መደርደሪያ ጣውላ ልታሰነጥቅ የመጣችውን ሰዐዲያን የገረማት ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ጣውላ ተሰንጥቆ ሊያልቅ ሲል ሰውዬው «ያዝ!» ብለው ይጮኻሉ። ማዶ ደግሞ ማንም የለም።

አምስተኛው ላይ አንጀቷ አልችል አላትና ወደ ማዶ ዞራ ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች። ሰውዬው ሞተሩን አጠፉት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ከዚያ ዞር በይ፣ ልጄ።»

«ላግዝዎ ብዬ ነው አባባ፣ ወላሂ!»

«ወንድሜም ላግዝህ ብሎ ነው እዚያ የቆመው።»

ሰዐዲያ እጇን ሰበሰበች። ማሳረፊያው ጫፍ ላይ የተሰቀለውን፣ ሰጋቱራ የለበሰውን ኮት ያየችው ያኔ ነው። ቀኝ እጅጌው ከክርኑ በታች የለም።