የጓሮው ብየዳ

ጋሽ ሙላቴ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። እንደ ሌላው ጡረተኛ ፀሐይ እየሞቁ ሰው ያማሉ ብለን ስንጠብቅ ብረት መበየድ ጀመሩ። ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው ትዕግሥት ትንሽ የብየዳ ማሽን ገዝታ ላከችላቸው። ጋዝ የማትፈልግ፣ ሽቦዋን ራሷ እየገፋች የምትበይድ፣ እንደ እሳቸው በትርፍ ጊዜው ለሚነካካ ሰው የምትሆን ናት። መጀመሪያ የዶሮ ቤት በር ሠሩባት። በሩ በማግሥቱ ወደቀ። ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም፤ እኛ ግን ስንስቅ ሰነበትን።

ባለቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ ሲሞቱ ሳቁ ቆመ። ጋሽ ሙላቴ በቀብሩ ዕለት፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ ለመቃብሯ የብረት አጥር በገዛ እጄ ሠርቼ ለሙት ዓመቷ አቆማለሁ አሉ። እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይዋጥም። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ብረቱን ገዝተው ቆራርጠው ጨረሱ። የቀረው ብየዳው ነበር።

ማሽኗ ግን እንቢ አለች። ደህና ብየዳ ድምፁ ዘይት ላይ የገባ ሽንኩርት ይመስላል ይላሉ። የእሳቸው ግን ታስነጥሳለች። ጧ ትላለች፣ ትታፈናለች፣ ደግሞ ጧ። ሽቦው ሳይቀልጥ ብረቱን እየገፋ ይታጠፋል። የቀለጠውም ወደ ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ እንደ ወፍ ኩስ ተንጠባጥቦ ይቀራል። በመዶሻ ነካ ሲያደርጉት ሁለቱ ብረቶች ተለያይተው ይወድቃሉ።

ያልሞከሩት የለም። የሽቦውን ፍጥነት ጨመሩ፣ ቀነሱ። ብረቱን የሚነክሰው መቆንጠጫ ቀለም ላይ ይዞ ይሆናል ብለው ቀለሙን ፍቀው ብረቱን አብለጨለጩት። ሽቦው የሚወጣባትን ጫፍ ቀየሩ። ሁለቱ ገመዶች ተገላብጠው ተሰክተው እንደሆነም አዩ፤ በትክክል ነው የተሰኩት። በየመሀሉ የተሻላት ይመስልና ፊታቸው ይፈካል፤ ወዲያው ደግሞ ጧ።

አፍ ዳገት አይፈራም፤ ሰፈሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ሽቦው እርጥበት ጠጥቷል አለ። ሌላው ማሽኗ ፎርጅድ ናት አለ። ዓይን ነው፣ ጸበል ይረጭባት ያለም አልጠፋም። ጋሽ ሙላቴ ውኃና መብራት አብረው እንደማይሄዱ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጸበሉን አምጥተው የመጣችበትን ካርቶን ረጩት።

በመጨረሻ ማሽኗን ተሸክመው ገበያው አጠገብ ብየዳ ቤት ላለው ለጀማል ወሰዱለት። ጀማል ሰክቶ ሞከራት። ሽንኩርቱ ተጠበሰ። ምንም አልሆነችም ብሎ መለሰላቸው። ቤት አምጥተው ሰኩ፤ ጧ። እንደገና ወሰዱ፤ እዚያ ትዘፍናለች። እንደገና አመጡ፤ እዚህ ታስነጥሳለች። ያን ጊዜ ጋሽ ሙላቴ ግራ መጋባት ብቻ ሳይሆን ፈሩም።

“ፈንታነሽ ብረቱን አልወደደችው ይሆን?” አሉኝ።

ለምን እንዲህ እንዳሉ ልንገራችሁ። የእትዬ ፈንታነሽ አባት አያ ይሻው እብናት ውስጥ ቀጥቃጭ ነበሩ። አገሩ ሁሉ በእሳቸው ማረሻ ያርሳል፣ በእሳቸው ማጭድ ያጭዳል፤ እሳቸውን ግን ቡዳ ናቸው ብሎ ከማዕዱ ያርቃቸዋል። ሠሪውን እየሸሹ በሠራው መብላት የኛ ጨዋነት ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል። እትዬ ፈንታነሽ ደብረ ታቦር ካገቡ ጀምሮ አባቴ ገበሬ ነበሩ እያሉ ኖሩ። እውነቱን የሚያውቁት ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ፤ እኔም ከቀብሩ በኋላ ነው ከጋሽ ሙላቴ የሰማሁት።

ስለዚህ ጋሽ ሙላቴ ብየዳቸውን ከቤቱ ኋላ፣ ከከብቶቹ በረት ጀርባ ይሠሩ ነበር። መበየዳቸውን ሰፈሩ ሁሉ ቢሰማም፣ መንገደኛው ቆሞ ካየ የብረት ሥራ ከማን መጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ነገር ደግሞ ነገርን ያነሣል። ከሳሎኑ ሶኬት የተነሣ ቀጭን ኤክስቴንሽን በመስኮት ወጥቶ ከሌላ ቀጭን ኤክስቴንሽን ጋር ተቀጥሎ ጓሮ ይደርሳል። የተረፈው ገመድ አሮጌ ወንበር ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ጥቅሉ ላይ ደግሞ ድመቷ ትተኛለች።

አንድ ጠዋት ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባ ነበር። ድመቷ ወጥ ቤት እሳት እያለ ትታው መጥታ እዚያው ገመዱ ላይ ተጠቅልላ ታንኮራፋለች። ጋሽ ሙላቴ ከማሽኗ ጋር ታግለው ሲደክማቸው፣ ሊያርፉ ፈልገው ድመቷን አነሷት። እጃቸው ገመዱን ነካ። ያቃጥላል።

ጠሩኝና እኔንም አስነኩኝ። “የምን ዓይን፣ የምን ጸበል” አሉ፤ “መብራቱን የምትበላው ድመቷ ናት!” ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ አየኋቸው። ጀማልን በስልክ ጠየቁት። እሱም ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ እንደሚያልቅ፣ ማሽኗም ተርባ እንደምታስነጥስ አስረዳቸው። ወይ ደጅ አውጥተው ከቆጣሪው ሥር ሰክተው ይሥሩ፣ አለዚያም እኔ ዘንድ ወፍራም ገመድ አለ፣ ልላክልዎና እዚያው ጓሮ ይሥሩ አላቸው።

ስልኩን ዘግተው ድመቷን ታቅፈው ብዙ ተቀመጡ። እኔ የጀማልን ገመድ ላመጣ ስነሣ ያዙኝ።

“ተወው” አሉኝ። “የአባቷን ስም ስደብቅ ኖርኩ። አጥሯን ደግሞ ልደብቀው?”

ብረቱን ተጋግዘን ከግቢው ውጭ፣ መንገዱ ዳር አወጣነው። ማሽኗን ከቆጣሪው ሥር ሰኩ። ሽንኩርቱ ተጠበሰ። የመጀመሪያውን መጋጠሚያ በመዶሻ መቱት፤ አልተላቀቀም። ደገሙት። ያኔ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው አንድ ሁለት እያለ መቆም ጀመረ።

ከቆሙት መሀል ወይዘሮ ገነት ነበሩ፤ የእትዬ ፈንታነሽ የማኅበር ጓደኛ፣ ከእሳቸው የማይለዩ። የተፈራውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

“ይህን ሙያ ከማን አገኙት፣ ጋሽ ሙላቴ?”

ጋሽ ሙላቴ የብየዳ ጭንብላቸውን ከፍ አደረጉ። “እኔስ ጀማሪ ነኝ። የፈንታነሽ አባት ግን እብናት ቀጥቃጭ ነበሩ።”

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

“አያ ይሻውን አውቃቸዋለሁ” አሉ ወይዘሮ ገነት። “የአባቴን ማረሻ እሳቸው ነበሩ የሚሠሩት። ፈንታነሽን ገና እዚህ ስትመጣ ነው በመልኳ የለየኋት።”

ጋሽ ሙላቴ እዚያ ብረት መሀል እንደቆሙ፣ ማሽኗ ካስቸገረቻቸው ሁሉ የበለጠ ግራ ገብቷቸው ነበር።

“ታዲያ ምነው አልነገርሻት?”

“ትፈራለች ብዬ። እሷ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ።”

“እሷ እኮ” አሉ ጋሽ ሙላቴ፣ “ከሁሉ አንቺ እንዳታውቂባት ነበር የምትጨነቀው።”

ወይዘሮ ገነት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ብረቱ ተጠጉና የቱን ጫፍ ልያዝ አሉ። ጋሽ ሙላቴ ጓንታቸውን አውልቀው ሰጧቸው፤ ብርሃኑ እንዳይጎዳቸውም ዓይንሽን ጨፍኚ አሏቸው። ወይዘሮ ገነት ብረቱን አጥብቀው ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማሽኗ ገና ሳትነሣ እንባቸው ይወርድ ነበር።