ከዳሱ ደጅ የሚቆመው መምህር

ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወደ መፋዛ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ስደተኞች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት የሣር ዳስ አለ። እዚያ እንዲያስተምር የተጠየቀውን መምህር ያየሁት ከዳሱ ፊት ለፊት ሻይ ስጠጣ ነው። ሸሚዙ ፍራሽ ሥር ታጥፎ ያደረ ይመስላል፤ ጫማው ተወልውሏል። ትቶት ስለመጣው ትምህርት ቤት ሲጠይቁት የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል።

ሻይ ሻጯ እናትነሽ መምህሩን በሱዳኖቹ አጠራር፣ «ኡስታዝ፣ ዛሬስ ይግቡ! ካልገቡ ወላጆቹ ልጆቹን ለሰሊጥ አረማ ሊወስዷቸው ነው» አለችው።

«እገባለሁ እታለም፤ ልቤ ትንሽ ይርጋልኝ።»

«ትናንትም ይኸንኑ ብለው ነበር። የረሃድ ወንዝ ድፍርስ እንኳ ይኼኔ ይጠራ ነበር!»

ፈገግ ለማለት ሞከረ። ትኩሱ ሻይ ከብርጭቆው እየፈሰሰ ጣቶቹን ሲያቃጥለው ግን አላስተዋለም። በመጨረሻ ተነሥቶ እስከ ዳሱ በር ደረሰ። ልጆቹ ባንድ ጊዜ ብድግ አሉ። በእኛ ጊዜ መምህሩ «ተቀመጡ» ሳይል የሚቀመጥ ተማሪ አልነበረም፤ ያ ወግ እዚህም አልጠፋም።

መምህሩ ፊቱ በላብ ተጠምቆ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ተቀመጡ ይበሉልኝ» አለኝ።

ጠጋ ብዬ «ተቀመጡ» አልኳቸው። አንድም ልጅ አልተቀመጠም፤ ሁሉም ዓይናቸውን እሱ ላይ ተክለው እንደቆሙ ጠበቁት።