ሐዘኑን ከሰርጉ የለየችው ኡመይማ

ኡመይማ ሰፍዋንን የማውቃት ደሴ ውስጥ በሺር የሚባል ሰው በከፈተው የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ነው። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ስድስት ወር ኮምፒዩተር ተምራ በ1999 ዓ.ም. እዚያ ተቀጠረች። እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን ያስጻፍኩት እሷ ዘንድ ነው፤ ጣቷ ፈጣን፣ ዓይኗ ስሕተት የማያልፍ ነበረች።

ቤቱ ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው። ከኩታበርና ከቦሩ ሜዳ የሚመጣ ባለጉዳይ ማመልከቻ ያስጽፋል፤ ሌላው የሰርግ ካርድ ያሠራል፤ ሌላው የሟች ፎቶ ያለበት የአርባ ጥሪ ያሳትማል። ይህ ሁሉ ፋይል የሚከማቸው ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታየው ገጽ፣ ዴስክቶፕ በሚሉት ላይ ነበር።

በ2001፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ወይዘሮ ሰርካዲስ የሚባሉ እናት ለሴት ልጃቸው የሰርግ ካርድ ሊያሠሩ መጡ። ኡመይማ ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። ናሙና ልታሳያቸው የተከፈተውን ጽሑፍ ዝቅ ስታደርገው፣ ከካርዶቹ መሀል የአንድ ወጣት ፎቶ ብቅ አለ። ከስምንት ወር በፊት በመኪና አደጋ የሞተው ልጃቸው እንየው ነበር። የአርባውን ጥሪ ያሳተሙት አጎቱ ስለነበሩ፣ ኡመይማ እናቱን አላወቀቻቸውም።

ወይዘሮ ሰርካዲስ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

«የእህቱን ካርድ ሊመርጥ የመጣ መሰለኝ» አሉ።

«አፉ ይበሉኝ እማማ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ!»

ካርዱን መርጠው ሄዱ። ኡመይማ ግን ያን ቀን ምሳ አልወረደላትም።

«ሐዘንና ሰርግ አንድ ላይ መቀመጥ የለበትም» አለችው በሺርን።

«ፎልደር ውስጥ ክተቻቸዋ!»

ሞክራው ነበር። ሥራ ሲበዛ፣ ሰው ሲጣደፍ፣ ሁሉም ተመልሶ ፊት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ኢንተርኔት ቤት እየሄደች ስትፈልግ፣ አንዱን ኮምፒዩተር ብዙ ዴስክቶፕ እንዲኖረው የሚያደርግ ፕሮግራም አገኘች። ጫነችው። የተከፈቱት ሥራዎች በየዴስክቶፑ ተለያዩ፤ አይከን የሚባሉት ትንንሾቹ የፋይል ምልክቶች ግን ወደ ሁሉም አብረዋት ዞሩ። እንየውም በሁሉም ላይ አለ።

በሺር ሳቀ። «ቤት ለቀቅሽ፤ ዕቃው ተከትሎሽ መጣ!»

እሷ አልሳቀችም። የፕሮግራሙን መመሪያ አሳትማ፣ መዝገበ ቃላት ይዛ፣ እንግሊዝኛውን አንድ በአንድ ፈታችው። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ የፈለገችውን አገኘች፤ ለእያንዳንዱ ዴስክቶፕ የራሱን ፎልደር ከሰጡት የሚያሳየው የዚያን አይከኖች ብቻ ነው። አምስት ቀን ሙሉ በምሳ ሰዓቷ ከሺህ በላይ ፋይል እየከፈተች ለየች። ለሰርጉ የአደይ አበባ ምስል ከጀርባው አደረገችለት። ለማመልከቻው ሰማያዊ። ለሐዘኑ ምንም ሥዕል የሌለበት ግራጫ፤ እሱን የምትከፍተው ባለሐዘኑ ራሱ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ሲያልቅ በሺርን ጠርታ ሁለት ቁልፍ ተጫነች። ሰርጉ ሄደ፣ ማመልከቻው መጣ። ደግማ ተጫነች።

«ወላሂ፣ ሁለት ኮምፒዩተር የጨመርሽልኝ ነው የሚመስለው!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ በገባ ቁጥር «እስቲ አሳዪያቸው» ማለት ልማዱ ሆነ።

ወሬው ኮምቦልቻ ደረሰ። አቶ ደምለው የሚባሉ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ራሳቸው መጡ። አራት ሠራተኞቻቸው በአንድ ኮምፒዩተር እየተፈራረቁ፣ የአንዱ ደብዳቤ በሌላው እየጠፋ ተቸግረው ነበር። ኡመይማ በሚኒባስ ወርዳ ሁለት ቀን አስተማረቻቸው። ለእያንዳንዱ የየራሱን ዴስክቶፕ ከፈተችለት። ከአራቱ አንዱ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው አቶ ጸጋው፣ በመጀመሪያው ቀን ማውሱን ለመንካት እንኳ ይፈሩ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን የራሳቸውን አይከኖች በመስመር ደርድረው፣ «መምህርት፣ ይዩልኝ!» ብለው ጠሯት።

በሃያ አራት ዓመቷ፣ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ሳትረግጥ፣ የአባቷ እኩያ አንቱ ብሎ መምህርት ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ጎንበስ ብላ የደረደሩትን አየች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች።

ከወር በኋላ ማኅተም ያለበት የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ «ለመምህርት ኡመይማ ሰፍዋን» ይላል። በሺር በመስታወት አስገብቶ ከበሩ ትይዩ ሰቀለው። እሷ «ኧረ አውርደው፣ ታሳፍረኛለህ» ትላለች። ጠዋት ጠዋት በሩን ስትከፍት ግን ኮምፒዩተሩን ከማብራቷ በፊት ቆም ብላ ታነበዋለች።