ለአባዬ የያዝኩት ወንበር

ከተመረቅኩ ወዲህ ጓደኞቼ ሥራ ይዘው ተበታትነዋል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ የተከራየኋት ቤዝመንት ውስጥ ሥራ አፕላይ ሳደርግ እውላለሁ። አንዳንድ ቀን አፌን የምከፍተው የባስ ሹፌሩን "ሃይ" ለማለት ብቻ ነው።

ሰፈሬ ያለው ሲኒማ ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት የድሮ የፈረንሳይ ፊልም ያሳያል። መጀመሪያ የገባሁት ኤሲ ፍለጋ ነበር፣ አልዋሽም። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ ዩቲዩብ እንኳን አፍጥኜ ነው የማየው። እዚያ ግን አንዲት ሴት ካፌ ተቀምጣ ሰው ስትጠብቅ ካሜራው ዝም ብሎ ፊቷን ያያል። ሙዚቃ የለ፣ "አይዞሽ" ባይ የለ። እኔን እንደዚያ ረጋ ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። በሳምንቱም ሄድኩ።

ችግሩ ስወጣ ነው። ፈረንጆቹ ሽማግሌዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለ ፊልሙ እያወሩ ይሄዳሉ። እኔ ለማን ላውራ?

አባዬ እዚሁ አሜሪካ፣ ከወንዙ ድልድይ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። ወጣት ሆኖ አዲስ አበባ እነዚህን ፊልሞች ያይ ነበር። "ቋንቋው አይገባንም፣ ሴቶቹን ለማየት ነው" ይላል። ደወልኩለት።

"ማክሰኞ ኦፍ ነህ አይደል? ሲኒማ ልጋብዝህ።"

"በዚህ ዕድሜዬ?" ሳቀ። "እሺ፣ እመጣለሁ።"

ትኬቱን በር ላይ ትኬት ቆራጩ ጋ ተውኩለትና "ግባ፣ ውስጥ ነኝ" ብዬ ቴክስት አደረግኩለት። ስልኬን አጥፍቼ ገባሁ። ጃኬቴን አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አደረግኩ። መብራት ጠፋ። አንድ ሰውዬ "ሰው አለው?" አለኝ። "አለው" አልኩት። ፊልሙ አለቀ፣ ጃኬቴ ብቻውን ተቀምጧል።

ስወጣ አባዬ መግቢያው ላይ በሰርግ ሱፉ ቆሟል፤ ያልተነካ ፋንዲሻ ታቅፏል።

"መቼ መጣህ?"

"ሳይጀመር።"

"ቴክስት አላየህም?"

"አይቻለሁ። ጋባዡ ወጥቶ ሳይቀበል ዘው ተብሎ ይገባል? ትወጫለሽ ብዬ ጠበቅኩሻ።"

"አባዬ፣ ሲኒማ እኮ ነው! የሰው ቤት መሰለህ?"

"የጠራሽኝ አንቺ ነሽ።"

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የቀዘቀዘውን ፋንዲሻ መብላት ጀመርን።

"በይ ንገሪኝ፣ የፊልሙ ልጅ ምን ሆነች?"

"እኔ እንጃ። በሩን ሳይ ነበር።"

ማኘኩን አቆመ። ፊቴን አየኝ፣ ረጋ ብሎ አየኝ።

"ከስተሻል" አለ።

ድልድዩ ላይ ትራፊክ ሳይበዛ መሄድ ነበረበት። የተረፈውን ፋንዲሻ አስታቀፈኝና "የዛሬ ሳምንት በር ላይ ጠብቂኝ" አለኝ።

እሺ አልኩት። ቤት እስክደርስ ከማንም ጋር አላወራሁም፤ የዚያን ቀን ግን ወሬ አልናፈቀኝም።